የነብሩ እናት ጉልበት

«ተረት ተረት!»
«ጆሯችን ክፍት!»

ዳለቻ የምትባል ፍየል ነበረች። ደጋ ተወልዳ፣ ሦስት ዓመት ቆላ ከግመሎች ጋር፣ ሁለት ክረምት ደግሞ ሐይቅ ዳር ከላሞች ጋር ኖረች። አገሯ ስትመለስ ከግመሎቹ ሰላምታ ማርዘምን፣ ከላሞቹ ተደላድሎ ተቀምጦ ማውራትን ለምዳ ነበር። የሰፈሯ ፍየሎች ግን «እሷ ሰላም ብላ እስክትጨርስ ሳሩ ያልቃል» እያሉ ሸሿት። ስለዚህ ብቻዋን ትግጥ ነበር።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ነብር ከጫካ ዘሎ ፊቷ ቆመ። ከእግሯ ይልቅ አፏ እንደለመደው ቀደመ።

«እንደምን አረፈዱ፣ ጋሼ ነብር? ቤቱ ደህና ነው? እናትዎስ?»

ነብሩን እንዲህ ብሎ የጠየቀው አልነበረም።

«እናቴማ ጉልበቷን አሟት ተኝታለች።»

«ውይ፣ እግዜር ይማርልዎት! የትኛውን ጉልበታቸውን? እስቲ ይቀመጡና ይንገሩኝ።»

ተቀመጠ። ስለ እናቱ ጉልበት፣ ስለ ወንድሙ ጥርስ፣ ከሚስቱ ጋር ስለተኳረፉበት ነገር ሲያወራ ፀሐይ አናት ላይ ደረሰች። በመጨረሻ እንባውን በመዳፉ ጠረገ።

«አሁን የእናቴን ጉልበት የምታውቅ ፍየል እንዴት ብዬ እበላለሁ?» ብሎ ሊሄድ ተነሣ።

ዳለቻ ቅር አላት። «የት ሊሄዱ? የእኔን ቤተሰብ መቼ ጠየቁኝ? ሰባት አክስቶች አሉኝ፤ ከታላቋ ልጀምርልዎት።»

ነብሩ ጅራቱን ቆልፎ ፈረጠጠ፤ በዚያ መስክም ዳግመኛ አልታየ። ይህን ከሩቅ ያዩት ፍየሎች ግን ከዚያ ወዲህ ከዳለቻ ጎን አይጠፉም፤ ጠዋት ጠዋት ሰባቱንም አክስቶቿን በየስማቸው እየጠሩ ደህንነታቸውን ይጠይቃሉ።

ተረቴም አለቀ፣ ጉሮሮዬም ደረቀ።