መዝገቡ ላይ ቀሪ የተባለችው

አንድ መዝገቡን እንደ ዓይኑ ብሌን የሚጠብቅ የዕድር ጸሐፊ ነበር። ሟች አፈር ከለበሰ በኋላ ለቀስተኛው እንደቆመ ስም ይጠራል። «አቤት» ያለውን ተገኝቷል፣ ያላለውን ቀሪ ብሎ ይጽፋል። ደጋግሞ የቀረ ሰው ስሙ ይሰረዛል፤ የተሰረዘ ሰው ቤት ሞት ቢገባ የዕድሩ ድንኳን አይተከልም።

በዚያው መንደር ውባየሁ የምትባል ሴት ነበረች። እሷ ቀብር አትሄድም። ሁሉም አስከሬን ተከትሎ ሲወጣ የለቅሶው ቤት ባዶ አይተውምና፣ ንፍሮ የሚጥድ፣ የእጅ ውሃ የሚቀዳ፣ የሚያለቅስ ሕፃን የሚያዝል ሰው ያስፈልጋል። ማንም ሳያዛት እሷ ትቀራለች። ስሟ ሲጠራ ሴቶቹ «ቤት ሆና ነው» ቢሉትም ጸሐፊው «እዚህ ያልቆመ ቀሪ ነው» ብሎ ይጽፋል።

ታዲያ የውባየሁ እናት አረፉ። እንባዋን እየጠረገች ድንኳን ልትጠይቅ ወደ ዕድሩ ዕቃ ቤት ሄደች። ድንኳን ተካዮቹ ጎረምሶች ደጃፉ ላይ ቆመዋል።

«ስምሽ ተሰርዟል» አላት ጸሐፊው፣ መዝገቡን እየገለጠ። «እኔ ምን ላድርግ? መዝገብ አይዋሽም።»

«እስቲ ወንድሜ፣ መጨረሻ ቀሪ ያልከኝን ቀን አንብብልኝ።»

በጣቱ ፈለገ። አገኘው፤ ግን አላነበበም። የገዛ ሚስቱ የተቀበረችበት ቀን ነበር። ያን ዕለት እንኳ ብዕሩን ለሌላ ሰው አልሰጠም።

ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቀው ሴት ደሟ ፈላ።

«ልጅህ ጀርባዬ ላይ ነበረች!» አለች። «እናቷን እየተጣራች ነጠላዬን በእንባ ስታርሰው ነበር! አንተስ ከመቃብር ስትመለስ እጅህን ማን አስታጠበህ? ቀሪዋ አይደለችም?»

ጎረምሶቹ የጸሐፊውን ፈቃድ አልጠበቁም፤ ድንኳኑን ተሸክመው ወጡ። አንዱ ዞር ብሎ «ጋሼ፣ ካሰኘዎት እኛንም ይሰርዙን!» አለው።

መዝገብ ማለት ማኖሪያ ነው። የሰው መልካም ሥራ እንዳይረሳ የምናኖርበት እንጂ ሰው የምንጥልበት ጉድጓድ አይደለም። በላይ ያለው ጌታ ጓዳ ውስጥ የተሠራውንም ይጽፋል። ምድር ላይ ብዕር የያዛችሁ ግን፣ «ቀሪ» ከማለታችሁ በፊት የት እንደቀረች፣ ለማን ብላ እንደቀረች ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?