ዋስ ያጣው ወስፋት

ተረት ተረት።

«የመሠረት» በሉ እንጂ፤ ራት የበላ ሰው ድምፁ እንዲህ አይሰልልም።

«የመሠረት!»

እሰይ።

በድሮ ዘመን በዝግባ ሜዳ አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። ምንይችል የሚባል ትንሽ ልጅ አላት፤ ሁለተኛውን ደግሞ አርግዛለች። ምንይችል ይበላል፣ ይበላል፤ ሆዱ እንደ ከበሮ ይነፋል፣ እግሩ እንደ ሰንበሌጥ ይቀጥናል። የአገሩ ሰው «ጥጋብ ነው» እያለ ሆዱን ያደንቅ ነበር። አስተዋይ ሰዎች ነበሩ።

አንጓች ግን አንድ ቀን ጆሮዋን ከልጇ ሆድ ላይ ብትጥል ወስፋት ሲያዛጋ ሰማች። ከዚያም ከራሷ ሆድ ዘመዱ ሲመልስለት ሰማች። ፊቷ ገረጣና አፈር አማራት። የሚወለደው ልጄ ገና ሳይወለድ ሊራብብኝ ነው ብላ ፈራች። ኮሶ እንዳትጠጣ፣ ኮሶ ለእርጉዝ አይሆንም፤ ለሕፃንም ይከብዳል። ስለዚህ ነጠላዋን አደግድጋ፣ ምንይችልን ይዛ ወስፋትን ልትከስ ወደ ዳኛ ሄደች።

ዳኛው ቢያድግልኝ ይባላሉ። እንደ እሳቸው ያለ ዳኛ ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም አልተሾመም። ከዝግባው ሥር ተቀመጡና ወስፋትን አስጠሩ። ወስፋትም ከምንይችል ሆድ ውስጥ ሆኖ መለሰ።

ወስፋት፦ «ጌታዬ፣ እኔ ሌባ አይደለሁም። ሳያጎርሱኝ የገባሁበት ቤት የለም።»

አንጓች፦ «ልጄ የጎረሰውን ይነጥቀዋል። የሆዴንም ልጅ ሊያስርብብኝ ነው። ይውጣልኝ።»

ሸንጎው ሳቀባት። ወስፋት ከወጣ መራባችንን ማን ጮሆ ይነግረናል አሉ።

ዳኛው፦ «ወስፋት፣ ዋስ ጥራ። ዋስ ካጣህ ትወጣለህ።»

 ዳኛውም ነገሩን ሊያስቡበት ተነሡና፣ እንደ አገሩ ልማድ ወገባቸውን ሊሞክሩ ከዝግባው ጀርባ ዘወር አሉ። ተመልሰው መጡና እጃቸውን በሣር አበስ አደረጉ። ከዚያም ከአገልግላቸው ዳቦ ቆርሰው ምንይችልን አጎረሱት። ደግ ሰው ነበሩ።

ወስፋት፦ «ዋሴ መጣልኝ።»

ዳኛው፦ «ማን ነው?»

ወስፋት፦ «እርስዎ ነዎት ጌታዬ። ዘሬን ሜዳ ላይ ይዘሩልኛል፣ በእጅዎ ያጎርሱኛል። ከእርስዎ የበለጠ ዋስ ከወዴት አመጣለሁ?»

 ሌላ ዳኛ ቢሆን ደፈርኸኝ ብሎ ይቀጣው ነበር። ዳኛ ቢያድግልኝ ግን እጃቸውን ገልብጠው አዩ።

አንጓች፦ «ጌታዬ፣ ዋስ ከዋስትናው ይወርድ የለም ወይ?»

ዳኛው፦ «ይወርዳል። ወርጃለሁም።»

ከዚያም ካባቸውን አወለቁና ዶማ አንሥተው የወገብ መሞከሪያ ጉድጓድ መቆፈር ጀመሩ። ዳኛ ሲቆፍር ማን ይቀመጣል? አገሩ ሁሉ ቆፈረ። አንጓችም እጇን በአመድና በውኃ ፈትጋ ማጉረስ ጀመረች። ሜዳ የወጣ ሰው፣ እጁን ሳይታጠብ ያጎረሰም ሰው፣ «የወስፋት ዋስ» ተብሎ ተሰደበ።

ወስፋትም ዋስ አጣ። ዘመዱን ከአንጓች ሆድ ጠራና ወጡ። በፊት በር ሲገቡ እንግዶች ነበሩ፤ በጓሮ በር ሲወጡ ግን የሸኛቸው የለም። ጉድጓዱ ውስጥ ወደቁና መመለሻ አጡ።

አንጓች በደህና ተገላገለች። ሕፃኑ ሲያለቅስ ጆሮዋን ከሆዱ ላይ ጣለች። የሚያለቅሰው ልጇ ራሱ ነበር፤ ሌላ ማንም አልነበረም።

ዛሬም ሆዳችን ሲያጉረመርም «ወስፋቴ ጮኸ» የምንለው ከዚያ ወዲህ ነው። ዋስ እየተጣራ ነዋ።

በሉ ተረቴን መልሱ፣ አፌንም በዳቦ አብሱ። ከመቁረሳችሁ በፊት ግን እጃችሁን ታጠቡ፤ እኔ ጉርሻ እንጂ እንግዳ አልጠራሁም።