ባዶ ጎልና የወደቀ በረኛ

አንድ የእግር ኳስ አሰልጣኝ ነበር፤ ስሙ ወንድይፍራው ይባላል። የሚያሠለጥነው ወይራ አምባ የምትባል ትንሽ ከተማ ቡድን ነው። ወይራ አምባ ከቡድኗ ሌላ ብዙ የምትኮራበት ነገር አልነበራትም። የጨዋታ ቀን ባጃጅ አይገኝም፤ ሱቆች በጊዜ ይዘጋሉ፤ ሠርግ እንኳ የሚቆረጠው ቡድኑ በሜዳው የማይጫወትበት ቀን ተመርጦ ነው።

በአንድ ዓመት ቡድኑ ከወትሮው የተለየ ጨዋታ ተጫወተ። ወደ ትልቁ ሊግ የሚያሳልፈው የማጠቃለያ ውድድር ደጃፍ ላይ ደረሰ። ሰዉም ቡድኑ ገና ሳያልፍ በትልቁ ሊግ የሚገጥማቸውን ቡድኖች ስም እየጠራ ይፎክር ጀመር። የመጨረሻው ሳምንት ጨዋታ አልቆ ነጥቡ ሲደመር ግን ወይራ አምባ በአንዲት ነጥብ ተበልጣ ከማጠቃለያው ውድድር ቀረች።

ክፉኛ የተሸነፈ ሰው አልቅሶ ይወጣለታል። ለጥቂት የቀረው ግን እንቅልፍ የለውም፤ ያቺ ነጥብ የወደቀችበትን ቦታ ሲፈልግ ይኖራል። ወይራ አምባም መፈለግ ያዘች። ፀጉር ቤት፣ ጠጅ ቤት፣ ከቤተ ክርስቲያንና ከመስጊድ መልስ ወሬው ሁሉ የዓመቱ ጨዋታ ሆነ። አንዱ ዳኛውን ከሰሰ፤ ሌላው የሐምሌ ጭቃ የመሰለውን ሜዳ ረገመ። ውሎ አድሮ ግን የሁሉም ጣት አንድ ሰው ላይ አረፈ፤ አጥቂው ሽብሩ ላይ።

ነገሩ የሆነው ከቆላ ገበያ ቡድን ጋር ያለ ግብ በተለያዩበት ጨዋታ ነው። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ከመስመር ኳስ ተሻገረች። የቆላ ገበያው በረኛ ሙዘይን ዘሎ ሊይዛት ሲል ከእጁ አመለጠች፤ እሱም ወደቀ። ጭንቅላቱን ይዞ ተዘረረ፤ አልተንቀሳቀሰም። ኳሷ ተንከባልላ ሽብሩ እግር ሥር ቆመች። ጎሉ ባዶ ነው፤ ዳኛውም አልነፋም።

«ምታው! ሽብሩ፣ ምታው!» ሲል ወንድይፍራው ከተቀያሪዎች ወንበር ዘሎ ጮኸ።

ሽብሩ ኳሷን አየ፤ የወደቀውንም ሰው አየ። ከዚያ ኳሷን በእግሩ ጎን ገፋ አድርጎ ወደ ውጭ ሰደዳትና ሐኪሞቹን በእጁ እየጠራ ወደ በረኛው ሮጠ። ተንበርክኮ ራሱን ቀና አደረገለት። ሙዘይን ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተነሣ፤ ውኃ ጠጣ፤ ጨዋታውንም ጨረሰ።

ያን ዕለት ደጋፊው ተነሥቶ ለሽብሩ አጨብጭቦለት ነበር። ነጥቧ ከጎደለች በኋላ ግን አጨብጭቤ ነበር የሚል ሰው ጠፋ። «በረኛው አስመስሎ ነው የተኛው። ይህ ሞኝ ታለለለት፤ እኛንም አስቀረን» ይባል ጀመር። ሽብሩ በመንገድ ሲያልፍ ሰላም የሚለው ሰው እያነሰ ሄደ።

ወንድይፍራው በአደባባይ ምንም አላለም። በልቡ ግን ከሁሉም ይልቅ የተቀየመው እሱ ነበር። ዕድሜው ገፍቷል፤ ትልቁን ሊግ ሳያይ ጡረታ መውጣቱ ነው። ሲበላም፣ መንገድ ሲሄድም ያቺ ኳስ ትመጣበታለች። በሐሳቡ ሽብሩ ኳሷን ይመታታል፤ መረቡ ይወጠራል፤ ከተማው በእልልታ ይናጋል። ዓይኑን ሲገልጥ ያው የተቆለፈውን የሜዳ በር ያያል።

በክረምቱ መግቢያ የቡድኑ ቦርድ ተሰበሰበ። ሰብሳቢው አቶ ጥላዬ ነገሩን ሳያሽሞነሙኑ ተናገሩ።

«የሽብሩ ውል አልቋል። ሕዝቡ እንዳይታደስለት ይፈልጋል። አሰልጣኝ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?»

የደጋፊዎች ማኅበር መሪዋ ወይዘሮ እማዋይሽ ቀድመው መለሱ። «ምን ይባላል? የሰው ልፋት በአንድ ሰው የዋህነት ገደል ገባ። ደግ ሰው ነው፤ አልጠላውም። ደግነቱን ግን ቤቱ ሄዶ ያሳይ!»

ወንድይፍራው ጥቂት አሰበና እንዲህ አለ፦

«ሰውን በጥርጣሬ አናባርር። ቆላ ገበያ ሄጄ በረኛውን ራሱን ልጠይቀው። ታምሞ ከነበረ ሽብሩ ትክክል ነው፤ ማንም አይንካው። አስመስሎ ከነበረ ግን የከተማውን ዕድል በሞኝነት ሰጥቷልና ይሂድ።»

ፍርዱ ለሁሉም ሚዛናዊ ሆኖ ታየ። ወይዘሮ እማዋይሽም ሳይቀሩ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ወንድይፍራው በማግሥቱ ሚኒባስ ተሳፍሮ ቆላ ገበያ ወረደ። ሙዘይንን ያገኘው ከአባቱ ወፍጮ ቤት ነው፤ ውድድር ሲዘጋ አባቱን ያግዛል። በረኛው እንግዳውን ሲያይ ደነገጠ። ወፍጮውን አጥፍቶ ዱቄት የለበሰ እጁን በሱሪው እየጠረገ መጣ።

«ጋሼ፣ እዚህ ድረስ! በደህና ነው?»

«በደህና ነው ልጄ። አንድ ነገር ልጠይቅህ መጣሁ። ያን ዕለት እኛ ሜዳ ላይ የወደቅኸው፣ እውነት ታምመህ ነበር?»

ሙዘይን ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ።

«አልታመምኩም» አለ። «ኳሷ ከእጄ ስታመልጥ ዳኛው እንዲነፋልኝ ብዬ ነው የተኛሁት።»

ወንድይፍራው የፈለገውን አገኘ። ደስ ሊለው ሲገባ ግን ደስ አላለውም። «ታዲያ ለምን ነገርከኝ? ታምሜ ነበር ብትለኝ ማን ያውቅብህ ነበር?»

«ማንም አያውቅብኝም። ግን ጋሼ፣ ያ ልጅ መጥቶ ራሴን አቀፈ። ‹ወንድሜ፣ ትሰማኛለህ? አይዞህ፣ አይዞህ› ይለኝ ነበር። ሰዎች ያን ያህል የቆየሁት ሰዓት ለመግደል ይመስላቸዋል። እኔ ግን ዓይኔን ገልጬ ፊቱን ማየት አፍሬ ነው። ለእናቱ ልጅ እንኳ እንደዚያ መፍራቱን እንጃ። ከዚያ ወዲህ ሜዳ ላይ አስመስዬ ተኝቼ አላውቅም። ጠያቂ ከመጣም እውነቱን እንደምናገር ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር።»

ወንድይፍራው አመስግኖት ተመለሰ። መንገዱን ሁሉ ሲያስብ መጣ። ፍርዱ አልቋል፤ የቀረው ለሽብሩ መንገር ነው። ወሬውን ከሌላ ሰው እንዳይሰማው ብሎ በቀጥታ ወደ ቤቱ ሄደ። ሽብሩ ዝናቡ ሳይበረታ የቤቱን ጣሪያ ቆርቆሮ እየጠገነ ነበር። አሰልጣኙን ሲያይ መዶሻውን አስቀምጦ በመሰላሉ ወረደ።

«ቆላ ገበያ ነበርኩ» አለው ወንድይፍራው። «በረኛውን አገኘሁት። አልታመመም ነበር። ከራሱ አፍ ሰማሁ።»

ሽብሩ መሰላሉ ላይ ተቀመጠና በረጅሙ ተነፈሰ።

«ተመስገን!» አለ።

ወንድይፍራው ጆሮውን ተጠራጠረ። «ምን አልክ? አታልሎህ እኮ ነው!»

«ገባኝ፣ ኮች። ያናድዳል፤ አያናድድም አልልም። ግን ያን ዕለት ራሱን ሳቅፈው በቃ የሞተ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ወዲህም ይሄ ሰውዬ ውስጡ ተጎድቶ ይሆን እያልኩ ስጨነቅ ነበር። ታሞ ከሚገኝ ዋሽቶ ቢገኝ ይሻለኛል።»

«በዚህ የተነሣ ከቡድኑ ልትወጣ እንደምትችል ታውቃለህ?»

«ሰምቻለሁ። ምን አደርጋለሁ? እናንተ ዛሬ ያወቃችሁትን እኔ ያኔ አላውቅም ነበር። ያኔ ያየሁት የወደቀ ሰው ነው።»

ወንድይፍራው ደህና ዋል ብሎት ወጣ። ጥቂት እንደሄደ ግን እግሩ ቆመ። «ያኔ አላውቅም ነበር» የሚለው ቃል እንደ እሾህ ተሰካበት። እኔስ? አለ በልቡ። ምታው ብዬ ስጮህ በረኛው ማስመሰሉን አውቅ ነበር? አላውቅም ነበር። ሽብሩ ያየውን ያንኑ ሰው፣ ከዚያው ሣር ላይ ተዘርሮ አይቻለሁ። እንዲያውም በትክክል አላየሁትም፤ ዓይኔ ጎሉ ላይ ነበር። ወንድይፍራው መንገድ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

ቦርዱ እንደገና ሲሰበሰብ ወንድይፍራው የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ተናገረ።

«አላልኳችሁም?» አሉ ወይዘሮ እማዋይሽ እጃቸውን አጨብጭበው። «አስመስሎ ነው አላልኩም?»

አቶ ጥላዬም መነጽራቸውን አውልቀው «እንግዲህ አሰልጣኝ፣ ፍርዱን ያስቀመጡት ራስዎ ነዎት። አስመስሎ ከሆነ ይሂድ ብለዋል» አሉ።

«ብያለሁ፤ ተሳስቻለሁም» አለ ወንድይፍራው ተነሥቶ። «ሽብሩን ለመመዘን ሄጄ ራሴን መዝኜ ነው የመጣሁት። ያን ዕለት ምታው ብዬ የጮህኩት እኔ ነኝ። የበረኛውን ውሸት ነቅቼበት አይደለም፤ ማንኛችንም አልነቃንበትም። ሰውየው ነፍሱ እየወጣች ቢሆንም ኖሮ ምታው ነበር የምለው። ዋሽቶ ስለተገኘ እኔ ብልህ ሽብሩ ሞኝ ሆነ። ታሞ ቢሆን ኖሮስ? ዛሬ የምንሰበሰበው በእኔ ጭካኔ ላይ ለመፍረድ ነበር። ታዲያ የሰው ውሸት እንዴት እኔን ጻድቅ ያደርገኛል? የሚባረር ሰው ካለ ከእኔ ጀምሩ።»

ውጭ ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል። ማንም ማንንም አላየም።

መጀመሪያ የተናገሩት ወይዘሮ እማዋይሽ ናቸው። ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አድርገው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ «እኔም ምታው ብያለሁ» አሉ። «ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ነው የጮህኩት። ኋላ ደግሞ ሰው ሲያጨበጭብ አብሬ አጨበጨብኩ። አሁን ደግሞ ይባረር አልኩ። እንደ ነፋስ ነው የዋልኩት፣ ጌታዬ ይቅር ይበለኝ!»

አቶ ጥላዬ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና «የሽብሩ ውል ይታደስ» አሉ። ቅር ያላቸው አልጠፉም፤ አንድ ሰው እያጉረመረመ ወጣ። የአሰልጣኙን ስንብት ግን ማንም አላነሣውም።

በቀጣዩ ዓመት ወይራ አምባ አለፈች ወይ ትሉ ይሆናል። አላለፈችም፤ እንዲያውም ከመሐል በታች ሆና ጨረሰች። ለሽብሩ ቅንነት ከሰማይ የወረደ ዋንጫ አልነበረም። ወንድይፍራውም ትልቁን ሊግ በቴሌቪዥን እያየ ጡረታ ወጣ። የቀድሞ ተጫዋቾቹ ሊጠይቁት ሲመጡ አንዱ «ኮች፣ ያ በአንዲት ነጥብ የቀረንበት ዓመት ዛሬም ይቆጭዎታል?» አለው።

«ይቆጨኛል» አለ ሽማግሌው። «የሚቆጨኝ ግን ነጥቧ አይደለችም፤ የወደቀ ሰው እያለ ‹ምታው› ብዬ መጮኼ ነው።»

ወደ ኋላ መመልከት አይከፋም፤ ካለፈው የማይማር ሰው ነገም ያው ነው። ነገር ግን ትናንትን በዛሬ ዕውቀት የሚዳኝ ሰው ቅኑን ሞኝ፣ ጨካኙን አስተዋይ ያደርጋል። ሰው የሚመዘነው ኋላ በተገለጠው ነገር ሳይሆን በዚያች ሰዓት ባየውና በመረጠው ነው። በቅንነት እጁን የዘረጋ ሰው አታላይ ቢገጥመው፣ ዕዳው የአታላዩ ነው፤ የተዘረጋው እጅ ግን ንጹሕ ነው።

አንተስ ወዳጄ፣ አንቺስ እኅቴ፤ «ምነው ባላደረግሁት» እያላችሁ የምትጸጸቱበት ደግነት አለ? ያኔ የምታውቁት ያኔ ያያችሁትን ብቻ ቢሆን፣ ዛሬም ያንኑ አታደርጉም ነበር?