ያልተነሣው ጫማ ሰፊ

በእንግሊዝ አገር ዊብሊ የሚባል አንድ የዣንጥላ ነጋዴ ነበረ። ንግዱ ሲቀዘቅዝበት ተወዳድሮ ፓርላማ ገባ፤ በሚቀጥለው ምርጫ ሲወድቅ ደግሞ ወዳጆቹ ደጅ ጠንተው ሎርድ አስባሉት። የሎርድ ወንበር ምርጫ የሚባል ነገር አያውቅም፤ የተቀመጠበት ሰው እስኪሞት የእሱ ነው።

ዊብሊም ደረቱን ነፍቶ ወደ ትውልድ ከተማው ገባ። ባለፈበት ሁሉ ሰው ብድግ እያለ ባርኔጣውን ሲያወልቅለት፣ አንድ ሽማግሌ ጫማ ሰፊ ብቻ በርጩማው ላይ እንደተቀመጠ ወስፌውን ይሰካል። የሎርዱ ደም ፈላ።

«ተነሥ እንጂ! ይህ የምትሰፋበት ቤት የማን እንደሆነ ጠፋህ እንዴ? ዛሬውኑ ነው የማስወጣህ!»

ሽማግሌው ክሩን በጥርሱ በጠሰና ቀና አለ።

«ቤቱን ይውሰዱት ጌታዬ፣ በርጩማዋ የራሴ ናት። ያኔ ዣንጥላዎ ቢያፈስብኝ እዚችው ላይ ተቀምጬ ለደንበኛዬ ሁሉ አወራሁ፤ ከገበያ ተነሡ። ፓርላማ ገብተው ቃልዎን ቢበሉ አሁንም እዚችው ላይ ተቀምጬ አወራሁ፤ ከወንበርዎ ተነሡ። እኔ ሳልነሣ እርስዎን ሁለቴ አስነሥቻለሁ። የአሁኑን ወንበር ግን አልቻልኩትም፤ እሱን ለእግዜር ትቼለታለሁ።»