ዷ ያለው ማነው?

በድሮ ዘመን፣ ልጆቼ፣ ድምፅ የሚጠላ ንጉሥ ነበር። ዝንብ ጥዝዝ ስትል ራሱን ያመዋል፣ ጠብታ ጠብ ስትል እንቅልፍ ያጣል። በዚያው አገር አንጓች የምትባል ሸክላ ሠሪ ነበረች፤ እጇ ፈጣን፣ ምላሷ ከእጇ የፈጠነ።

ንጉሡ አንድ ቀን «ድምፅ ያሰማ ሁሉ ይቀጣ!» ብሎ አወጀ። አዋጁን በነጋሪት ማስነገር አልተቻለም፤ ነጋሪት ድም ድም ይላላ! አዋጅ ነጋሪው በየሰዉ ጆሮ እየተጠጋ አንሾካሾከ።

ከዚያማ አገሩ ጉድ ሆነ። የአውራ ዶሮ አፍ በክር ታሰረ። አህያ ሊያናፋ ሲል ጌታው ገለባ ይጎሰጉስበታል። ማስነጠስ የመጣበት ሰው ሮጦ ወንዝ ውስጥ ይገባል። የአንጓች ባል ግን ሲያንኮራፋ ተይዞ ወህኒ ወረደ።

አንጓች አለቀሰች፤ ያውም ያለ ድምፅ። በማግስቱ ትልቅ እንስራ ተሸክማ ቤተ መንግሥቱ ደጃፍ ደረሰችና ለቀቀችው።

ዷ!

ወታደሮች አፈፍ አድርገው ንጉሡ ፊት አቆሟት።

«ዷ ብለሻል!» አላት ንጉሡ።

«ጃንሆይ፣ ከእኔ አፍ ምንም አልወጣም። ዷ ያለው መሬቱ ነው።»

ንጉሡ አሰበ፣ አሰበና፣ «እውነቷን ነው። መሬቱ ይገረፍ!» አለ።

ገራፊው መሬቱን ገረፈው። ጧ!

«አሁንስ ጧ ያለው ማነው?» አለች አንጓች።

«አለንጋው ነው! ይታሰር!»

አለንጋውን ሊያስሩ ከግቢው ጥግ ያለውን የወህኒውን በር ከፈቱ። ሲጥ!

«አሁንስ ሲጥ ያለው ማነው?»

«በሩ ነው! እሱም ይታሰር!»

በሩን ነቅለው እስር ቤት አስገቡት። ታዲያ በር የሌለው ወህኒ ምን ወህኒ ነው? እስረኛው ሁሉ እየተግተለተለ ወጣ። ያሳለ ወጣ፣ የሳቀ ወጣ፣ ለልጇ እሹሩሩ ያለች እናት ወጣች። የአንጓችም ባል ዓይኑን እያሸ ወጣ።

«ያዟቸው!» ብሎ ንጉሡ ጮኸ።

አንጓች ዝቅ ብላ እጅ ነሣች። «ጃንሆይ፣ አሁንስ የጮኸው ማነው?»

ንጉሡ አፉን በሁለት እጁ ያዘ። ገራፊውን አየ፤ ገራፊው እሱን አየ።

ያን ጊዜ አንጓች አዘነችለት። «እርስዎ ምን አደረጉ? ሁሉን ያስጮኸው አዋጁ ነው» አለችው።

«አዎ! አዋጁ ይታሰር!» አለ ንጉሡ፣ ትንፋሹ መለስ ብሎለት።

አዋጁ ታሰረ፤ አገሩ ተፈታ።

አያችሁ ልጆቼ? ፍጥረትን ሁሉ ዝም ላሰኝ ያለ፣ መጨረሻው የገዛ አፉን ይዞ መቆም ነው።