የወይዘሮ ትርንጎ ዳንቴል

በአቶ ወሰንየለህ ቤት የአየር ማቀዝቀዣ የተሰቀለው ባለፈው ዓመት መጋቢት ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ በድሬዳዋ፣ በከዚራ ሰፈር፣ ሰው የገዛ እጁን ጥፋት በሌላ ሲያላክክ የሚነገር አንድ አባባል አለ። የሚናገሩት ብዙዎች ናቸው፤ መነሻውን የሚያውቁት ግን ጥቂቶች።

አቶ ወሰንየለህ የምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው። ልባቸው ታሞ ሆስፒታል ሰንብተው ሲወጡ ሐኪሙ ልጃቸውን ስምረትን ለብቻዋ ጠርቶ፣ «ሙቀቱን አይችሉትም። ክፍላቸው ካልቀዘቀዘ ወደ ደጋ ውሰዷቸው» አላት። ደጋ ማለት ቁልቢ፣ የእኅታቸው ቤት ነው። አባቷ ግን ከከዚራ ዛፎች ጥላና ከቀድሞ ባልደረባቸው ከሐጂ ኢብሳ ጨዋታ መለየትን ከሞት ለይተው አያዩትም። ስምረት ይህን ስለምታውቅ ማቀዝቀዣውን ገዝታ ከአልጋቸው ፊት ለፊት አሰቀለች።

በመጀመሪያው ሳምንት ክፍሉ ራሱ ደጋ ሆነ። ከዚያ በኋላ ማሽኑ ያቃስት ጀመር። ያለ ዕረፍት እየሠራ ነፋሱ ሰለለ፤ ከሥሩ ውኃ ያንጠባጥባል፤ የመብራቱ ካርድ ወር ሳይሞላ ያልቃል። ስምረት ጠጋኝ አመጣች። ጠጋኙ በገባበት ሰዓት ማሽኑ እንደ አዲስ ነፈሰ፤ ሰውየውም «ምንም የለውም» ብሎ ሄደ። በማግስቱ ያው ማቃሰት። እንደገና አመጣችው፤ ማሽኑም እንደገና ነፈሰ። በሦስተኛው ጥሪ ጠጋኙ ስልኩን አላነሳም።

«ሐኪም ሲያይ የሚሻለው በሽተኛ ነው» አሉ እናቷ ወይዘሮ ትርንጎ። «ደካማ ዕቃ ነው ብዬ ነበር፤ ማን ሰምቶኝ!»

«እማዬ፣ መስኮቱን ደግሞ ማን ከፈተው?»

«ክፍሉ ይናፈስ ብዬ ነዋ።»

«ቅዝቃዜው እኮ ወጣ!»

«መቼ ገብቶ ነው የሚወጣው?»

ስምረት መስኮቱን ዘጋች። ከእናቷ ጋር መከራከር ነፋስ መጨበጥ ነው፤ በዚያ ቤት ደግሞ የሚጨበጥ ነፋስ እንኳ አልነበረም።

ሚያዝያ ሲገባደድ አቶ ወሰንየለህ ትንፋሻቸው ያጥር ጀመር። መኪና ከቁልቢ በማግስቱ እንዲመጣ ተነገረ፤ ሻንጣቸውም ተሞልቶ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ሐጂ ኢብሳ ሊሰናበቱ መጡ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ሻንጣውን ላለማየት ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ ስለ ጥንቱ ባቡር ያወሩ ነበር።

በድንገት የሐጂ ኢብሳ ሽርጥ ጫፍ ተነቃነቀ። «ወሰኔ፣ ይኼ ነገር ነፈሰ እኮ!» አሉ።

እውነትም ነፈሰ። ስምረት ወደ ማሽኑ ቀና ስትል ወይዘሮ ትርንጎ ታጥቦ የተተኮሰ ነጭ ዳንቴል በሁለት እጃቸው ዘርግተው ገቡ። በእርሳቸው ቤት ራቁቱን የሚውል ዕቃ የለም፤ ቴሌቪዥኑም፣ ፍሪጁም፣ ሬዲዮውም በእጃቸው የተሠራ ዳንቴል ለብሷል። ለማቀዝቀዣውም ከአናቱ እስከ ጎኑ የሚያለብስ ሠርተውለት፣ ከፊት በኩል ብቻ ክፍት ትተውለት ነበር። ወንበር ላይ ወጥተው፣ ለእጥበት አውልቀውት የነበረውን ዳንቴል መልሰው አለበሱት። የሐጂ ሽርጥ ጸጥ አለ።

«እማዬ፣ አውልቂው።»

«ገና አሁን ማልበሴ ነው!»

«አውልቂው!»

ዳንቴሉ ሲወልቅ ነፋሱ ተመለሰ። ስምረት ወደ እናቷ ዞረች። «ጠጋኙ ሲመጣ ታወልቂው ነበር?»

«በቅባት እጁ እንዲያበላሸው ልተወው?»

«ማሽኑ አየር የሚስበው በአናቱ በኩል ነው፤ አንቺ በሸፈንሽው።»

«አፉን ትቼለታለሁ እኮ!»

ስምረት ክዳኑን ከፍታ ማጣሪያውን ሳበችው። አቧራው እንደ ብርድ ልብስ ተነጥፎበታል።

«ይኼው! ዳንቴሉ ባይኖር ደግሞ አስቢው» አሉ ወይዘሮ ትርንጎ።

«አቧራውን ማጣሪያው ይይዘዋል፤ ማጣሪያውን እኛ እናጥበዋለን። ሥርዓቱ ይኼው ነው፤ ሌላ ምንም የለውም!»

«አፍንጫው በዳንቴል የሚታፈን፣ ካልታጠበ የማይሠራ ዕቃ! ድሮም ደካማ ነው አላልኩም?»

ስምረት ማጣሪያውን ወደ ቧንቧው ይዛ ሄደች፤ አጥባ፣ አራግፋ፣ አድርቃ መለሰችው። ቅዝቃዜው ክፍሉን ሲሞላ አቶ ወሰንየለህ ትራሳቸውን ተደግፈው በረጅሙ ተነፈሱ።

«ስምረት፣ ቁልቢ ደውዪ» አሉ። «መኪናው አይምጣ። ማጣሪያውን በየሁለት ሳምንቱ እያጠባችሁ፣ ዳንቴሉን ሣጥን ውስጥ አስቀምጡት።»

ወይዘሮ ትርንጎ ዳንቴሉን ደረታቸው ላይ አጥፈው «በዕቃው ድካም የእኔ ዳንቴል ተወነጀለ!» ሲሉ፣ ሐጂ ኢብሳ በከዘራቸው ወለሉን መታ አድርገው፣ «ተይ ትርንጎ፣ አፍንጫ አፍኖ፣ ሳንባ ኮንኖ!» አሉ።