በኪታቡ ጠርዝ ላይ የተጻፈው

ሱቋ ጥቂት፣ ደረሳዋ ብዙ በሆነች አንዲት የጥንት ከተማ ሸህ ሙህዬ የሚባሉ ዓሊም ነበሩ። ያኔ ኪታብ እንደ ዛሬው ከገበያ አይገዛም። ተማሪው ደረሳ የሸሁን ኪታብ ተውሶ፣ ጥላሸት በጥብጦ፣ መቃ ቀርጾ በገዛ እጁ ይገለብጣል። አንዱን ለመጨረስ በጋና ክረምት ይፈራረቁበታል፤ እያንዳንዷ ፊደል ትከበር ነበር። ያ ዘመን ይናፍቀኛል። ያም ዘመን ቢሆን ግን ስህተት አላጣውም።

አዛን የሚያሰሙት የመስጂዱ ሙአዚን ወደ አኼራ በሄዱ ጊዜ ሰጋጁ ጀመዓ በምትካቸው ቆዳ ፋቂውን ሙሳዬን አጨ። ድምፁ ያማረ፣ የሶላት ወቅት የሚያውቅ፣ የሰው አማና፣ አደራ የማይበላ ሰው ነው። ዕድሜውን ሙሉ በፋቂነቱ እየተናቀ ከኋለኛው የሰጋጆች ሰፍ ሲሰግድ ኖሯልና፣ ዜናውን ሲሰማ እንባው ቀደመው።

ጁምዓ ተሰግዶ ነገሩ ሊጸድቅ ሲል ዙበይር የተባለ ጎበዝ ደረሳ ተነሳ።

«ሸኽዬ፣ ኪታቡ ይከለክላል» ብሎ የገለበጠውን አነበበ፦ «ሙአዚን ታማኝ፣ ወቅት አዋቂ፣ ድምፀ መልካም ይሁን። ከፋቂ ወገንም አይሁን።»

ሙሳዬ ወደ በሩ ዞረ።

«ኪታብ ካለማ ምን ይደረጋል» አለ ቀስ ብሎ።

«ቁጭ በል ሙሳዬ» አሉ ሸሁ። «ዙበይር፣ ከየትኛው ነው የገለበጥከው?»

«ከእርስዎው ኪታብ ነው።»

ኪታቡ መጣ። ሸህ ሙህዬ ገጹን ሲገልጡ መሐሉ ላይ ያሉት ሦስቱ ነገሮች ብቻ ናቸው። አራተኛው ከጠርዙ ላይ በደበዘዘ ቀለም ሰፍሯል። ጽሕፈቱ የራሳቸው ነበር፤ የዛሬ አርባ ዓመት፣ ደረሳ ሳሉ የጻፉት። ኪታቡን አጥፈው ዝም ቢሉ የሚያውቅባቸው የለም፤ ክብራቸውም እንደታፈረ ይኖራል። ነፍስያቸው እንዲሁ መከረቻቸው። እሳቸው ግን ከተቀመጡበት ተነሱ።

«ያ ጀመዓ! ይህን ኪታቡ አላለም፤ እኔ ነኝ ያልኩት። ማስረጃም አልነበረኝም። የእርጥብ ቆዳ ሽታ አስጠልቶኝ የመሰለኝን ጻፍኩ። አስተግፊሩላህ! ሙሳዬ፣ አውፍ በለኝ።»

«አውፍ ብያለሁ ሸኽዬ» አለ ሙሳዬ።

ዙበይር አንገቱን ደፋ። «የኪታቡ ቃል መስሎኝ ወደ መሐል አስገባሁት።»

«ጥፋቱ የሁለታችንም ነው። እኔ ሳላጣራ ጻፍኩ፤ አንተ ሳትጠይቅ አነበብክ።»

የሙሳዬ ሙአዚንነትም ያኔውኑ ጸደቀ። ከዚያን ቀን ወዲህ በሸሁ ዘንድ የሚቀራ ደረሳ «ይህ የተረጋገጠ ነው ወይስ ለአንድ ሰው የመሰለው? ማስረጃውስ?» የሚለውን ሳይመልስ ከመስመር ወደ መስመር አያልፍም። አንድ ገጽ ሳምንት ፈጀብን ብለው ያጉረመረሙም ነበሩ። ሸሁ ግን ፈገግ ብለው እንዲህ ይሉ ነበር፦

«ልጆቼ፣ ከፊደሉ በፊት ጸሐፊውን ጠይቁት፤ ብዕር የያዘ ሁሉ አይቶ አይጽፍም።»

ዛሬ ጽሑፍ በየኪሳችን ሞልቷል። እውነቱም ግምቱም በአንድ ቀለም ይመጣል፤ እኛም ሁሉን «ተጽፏል» ብለን እናስተላልፋለን። የሸህ ሙህዬ ደረሳ አንድ ገጽ በሳምንት እያነበበ የሰው ሐቅ አልበላም። እኛ በቀን መቶ እናነባለን፤ የስንቱ ሙሳዬ ሐቅ እንዳለብን አላህ ይወቀው።